ብሉዝ ለሚጫወት ሰው የጃዝ አነጋገር ምን ይጠቅመዋል?

(በክረምቱ ዕረፍት በአርጆ ከተማ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)




ስለ ሙዚቃ እንድናገር ስጠየቅ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ አይደለሁም፤ በዩኒቨርስቲም የምማረው ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን የጠየቁኝ ጓደኞቼ «አንተ ሁለት ዓመት የተቸገርህበትን ብትነግረን ሌላው ሰው ስድስት ወር ይተርፈዋል» ስላሉኝ እሺ አልሁ። ስለዚህ ዛሬ የቆምሁት እንደ ሊቅ ሆኜ ላስተምራችሁ አይደለም። በመንገዱ ላይ የተደናቀፈ ሰው ድንጋዩ የት እንዳለ ለኋለኛው እንደሚያሳይ፣ እኔም የተደናቀፍሁበትን ቦታ ላሳያችሁ ነው።

ከእናንተ ብዙዎቹ እንደምታውቁት ጊታር የጀመርሁት እዚሁ አርጆ፣ በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ነው። ጊታራችን አንዲት ብቻ ስለ ነበረች በተራ እንይዛት ነበር። ቀጭኗ ክር በተበጠሰች ጊዜ ነቀምቴ የሚወርድ ሰው እስኪገኝ በአምስቱ ክር እንዘምር ነበር። ሦስት ኮርድ አወቅሁ፤ በሦስቱ ኮርድ የማይዘመር መዝሙር ያለም አይመስለኝም ነበር። ዩኒቨርስቲ ከገባሁ በኋላ አብሮኝ የሚተኛ ጓደኛዬ በእጅ ስልኩ የቢ. ቢ. ኪንግን ጨዋታ አሰማኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰውየው አንዲት ድምፅ ይመታና ያንቀጠቅጣታል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። በማግሥቱ እኔም ብሉዝ ተጫዋች ለመሆን ቆረጥሁ።

ብሉዝ የሚጫወቱባቸውን አምስት ድምፆች ለማጥናት አንድ ሳምንት በቃኝ። እውነቱን ለመናገር የችግሬም መጀመሪያ ይኸው ነበር። አምስቱ ድምፆች በጊታር አንገት ላይ እንደ ሳጥን ባለች አንዲት ስፍራ ይገኛሉ፤ በሳጥኗ ውስጥ ጣትህን የትም ብታሳርፍ የሚያሳፍር ድምፅ አይወጣም። ስለዚህ ጣቴ ሮጠ። በስድስት ወር ውስጥ እጅግ ፈጠንሁ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም የደረስሁ መሰለኝ።

በዚያው ዓመት የዘመዴ ሠርግ ነበርና እዚህ አርጆ መጥቼ ጊታሬን ይዤ ቀረብሁ። ሠርገኛው ከበበኝ፤ እኔም ትንፋሽ ሳልወስድ ሩብ ሰዓት ያህል መታሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰው እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የሚያዳምጠኝ ልጅ እንኳ አልነበረም። ከኔ ቀጥሎ የሰፈራችን ክራር መቺ፣ ኦቦ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ፣ ክራራቸውን አነሡ። የእኔ ጊታር ስድስት ክር አለው፤ የእሳቸውም ክራር ስድስት ክር አለው። የእኔ ጊታር ግን በእያንዳንዱ ክር ላይ ከዐሥር የሚበልጥ ፍሬት አለው፤ የእሳቸው ክራር አንድም የለው። ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ ነክተው ዝም ባሉ ጊዜ ድንኳኑ ሁሉ ዝም አለ።

ማታ ሰው ከተበተነ በኋላ አጠገባቸው ጠሩኝና በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ጣትህ ብዙ ይናገራል። አንተ ግን መቼ ትተነፍሳለህ? የማይተነፍስ ሰው ሲናገር ማን ያደምጠዋል?»

እጅግ አፈርሁ። ሆኖም የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የተነሣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

መልሱን ፍለጋ ከመናገሬ በፊት ግን ብሉዝ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስታውስ። ብሉዝ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ከባርነት የወጡ ጥቁር ሕዝቦች የፈጠሩት ሙዚቃ ነው። ከሥሮቹም አንዱ የሥራ ዘፈን ነው። በእርሻ ላይ አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በደቦ አጨዳ ወጥቶ የሚያውቅ የአርጆ ልጅ ሁሉ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ሰምቷል። እንግዲህ ብሉዝ ከመሠረቱ የጥያቄና የመልስ ሙዚቃ ነው። ቢ. ቢ. ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩን አይመታም፤ ጊታሩን ሲመታ አይዘፍንም። አፉ ይጠይቃል፣ ጊታሩ ይመልሳል።

የብሉዝ ቤት ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ባር አለው፤ በእያንዳንዱ ባር ውስጥም አራት ምት ይገኛል። በላ ቃና የምንጫወት እንደ ሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች በላ ኮርድ ላይ ይቆማሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ወደ ሬ ይሄዳሉ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው ወደ ላ ይመለሳሉ። ዘጠነኛው ሚ ነው፤ ዐሥረኛው ሬ፤ ዐሥራ አንደኛው ላ፤ ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ገና ለመጀመር ወደ ሚ ያዘነብላል። ቤቱ ይኸው ነው። ሦስቱን ኮርዶች እኛ በመዝሙር እናውቃቸዋለን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ባወቅሁት ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኛል። ከዚህ በላይ ያነሣኋቸው አምስት የብሉዝ ድምፆች ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ ናቸው። ሙዚቀኞቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብለው ከሚጠሯቸው አራት ቅኝቶች መካከል ባቲ በሚኖር ሲቃኝ የሚሰጠን እነዚህኑ አምስት ድምፆች ነው። የውጭ አገር ሰዎች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ይወዳሉ። በስሜት ረገድ፣ ናፍቆትና ኀዘን ስላለበት፣ አልተሳሳቱ ይሆናል። በድምፅ አቀማመጥ ረገድ ግን የብሉዝ የቅርብ ዘመድ ባቲ ነው። በርግጥ የክራር መቺ ጆሮና የፒያኖ ቁልፍ በትክክል አንድ አይደሉም። ነገር ግን ዘመድነቱ በጆሮ የሚታወቅ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ካለ ዛሬ ማታ ክራርና ጊታር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይስማው።

እንግዲያስ ድምፁ የራሳችን ከሆነ የጎደለኝ ምን ነበር? የጎደለኝ አነጋገር ነው። ፊደሉን የቆጠረ ልጅ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም። ሐረግ የት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚቆም፣ የትኛው ቃል ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደሚነገር ማወቅ ሌላ ትምህርት ነው። ይህንን ትምህርት ያገኘሁት ከጃዝ ተጫዋቾች ነው።

ለምን ከጃዝ ትሉኝ ይሆናል። የጃዝን አነጋገር የመሠረቱት በትንፋሽ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ትረምፔት የሚነፋ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ወደደም ጠላም ይተነፍሳል፤ ሳንባው የሐረጉን ልክ ይወስንለታል። ጊታር መቺ ግን እስኪደክመው ድረስ ሳይተነፍስ መምታት ይችላል፤ የኔም በሽታ ይኸው ነበር። ይህን በሽታ ካዳኑት ሰዎች አንዱ ቻርሊ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በቴክሳስ ተወልዶ በኦክላሆማ ሲቲ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1939 ወደ ቤኒ ጉድማን ቡድን ገብቶ በኤሌክትሪክ ጊታር ከነፋሾቹ እኩል መሰማት ቻለ። ሐረጉ እንደ ሳክስፎን ረጅምና የተቀነባበረ ነበር። የሳክስፎኑን ሌስተር ያንግን እጅግ ያደንቅ ነበርና። ቻርሊ ክርስቲያን በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው 25 ዓመት ብቻ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ የተቀረጸው ድምፁ ግን የጃዝንም የብሉዝንም ጊታር መቺዎች አስተማረ። ቢ. ቢ. ኪንግ ራሱ ከመምህሮቼ አንዱ እያለ ይጠራው ነበር፤ ከእሱም ጋር የጃዙን ጃንጎ ሬይንሃርትን ይጨምር ነበር። እንግዲህ እኔ የወደድሁት የብሉዝ ሰው ራሱ ከጃዝ ተምሯል ማለት ነው። ከምንጩ ልጠጣ ብል ነውር የለበትም።

ከዚህ ቀጥዬ የተማርሁትን በአምስት ከፍዬ እናገራለሁ። ጊታር የማይጫወት ሰውም ቢሆን ክራር፣ ዋሽንት ወይም ድምፁ ካለው ነገሩ ይመለከተዋል።

አንደኛው ትምህርት ትንፋሽ ነው። ልምምዱ ቀላል ነው። ጊታሩን ከመምታትህ በፊት ሐረጉን በአፍህ አንጎራጉር፤ ትንፋሽህ ሲያልቅ ሐረጉ አለቀ። በአፍህ ያላልኸውን በጣትህ አትምታ። ይህን በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ተጨነቅሁ፤ ለካ በአፌ ማለት የምችለው ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ጣቴ ሲሮጥ የነበረው የምናገረው ስለ ነበረኝ ሳይሆን መንገዱን ስለ ለመደው ብቻ ነበር። ዐሥራ ሁለቱን ባር በስድስት ከፍሎ፣ ሁለት ባር መናገርና ሁለት ባር ዝም ማለት ለጀማሪ ጥሩ መድኃኒት ነው። ዝምታው ሲመጣ እግር መምታቱን አያቋርጥ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጀመሪያ ቦታ ነው። እንደኔ ያለ ጀማሪ ሐረጉን ሁሉ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ይጀምራል። ይህም በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «እንግዲህ» የሚል ተናጋሪ ያስመስለዋል። የጃዝ ተጫዋቾች ግን አንደኛውን ምት አሳልፈው፣ ወይም ባሩ ሳይገባ በፊተኛው ባር አራተኛ ምት ላይ ቀድመው ይነሣሉ። እንዲሁም አንዱን ምት ለሁለት እኩል አይከፍሉትም፤ ለሦስት ከፍለው ሁለቱን እጅ ለፊተኛው፣ አንዱን እጅ ለኋለኛው ይሰጣሉ። ስዊንግ የሚሉት መወዛወዝ በአብዛኛው ይኸው ነው። ይህ ለፈረንጅ ተማሪ ከባድ ይሆን ይሆናል፤ በችክችካ ላደገ ሰው ግን ሦስት ሦስት እየቆጠሩ መሄድ በእግሩ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ እኛ ከማንም አናንስም፤ የያዝነውን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገን።

ሦስተኛው ትምህርት ኮርዱ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ነው። እኔን እጅግ የጠቀመኝ ይህ ስለ ሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የላ ሰባተኛ ኮርድ ላ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ፣ ሶ አለው። የሬ ሰባተኛ ኮርድ ደግሞ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ዶ አለው። ከአራተኛው ባር ወደ አምስተኛው ስንሻገር ዶ ሻርፕ ወደ ዶ ትወርዳለች፤ ሶም ወደ ፋ ሻርፕ ይወርዳል። ሁለቱም የአንድ ፍሬት ጉዞ ናቸው። እኔ በሳጥኗ ውስጥ ስሮጥ ኮርዱ ቢለወጥ ባይለወጥ ግድ አልነበረኝም፤ ጓደኛዬ ከኋላዬ ኮርዱን ሲለውጥ እኔ ያንኑ እደግም ነበር። ይህም ማለት ሰው ወሬውን ቢለውጥም እኔ የትናንቱን እንደማወራ ነው። የጃዝ ተጫዋች ግን በአራተኛው ባር መጨረሻ ዶ ሻርፕን ይነካና በአምስተኛው ባር መግቢያ ዶ ላይ ያርፋል። ኮርድ የሚመታ ሰው ከአጠገቡ ባይኖር እንኳ አድማጩ ቤቱ እንደ ተለወጠ ይሰማዋል። እንዲሁም በዘጠነኛው ባር ሚ ሲመጣ፣ ላን አንድ ፍሬት ዝቅ አድርጎ ሶ ሻርፕን መንካት የሚያስገርም ውጤት አለው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ጥበብ አለ። ወደ ዶ ሻርፕ ለመድረስ በቀጥታ ከመግባት ይልቅ መጀመሪያ ከበላይዋ ሬን፣ ቀጥሎ ከበታችዋ ዶን ነክቶ በመጨረሻ ዶ ሻርፕ ላይ መግባት ነው። እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ደጃፍ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» እንደሚል ዓይነት ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ በብሉዙ አምስት ድምፆች ውስጥ ያለው ዶ ነው፤ በላ ኮርድ ውስጥ ያለው ደግሞ ዶ ሻርፕ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ይጣላሉ እለዋለሁ። የብሉዝ እንባ ያለውም በዚያ ጠብ ውስጥ ነው። ጥሩ የብሉዝ ተጫዋች ዶን ይዞ ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ድምፁ ከዶ ይወጣል፣ ዶ ሻርፕ ግን አይደርስም። በፒያኖ ላይ ያ ድምፅ ቁልፍ የለውም። እዚህ ላይ ጃዝ ለብሉዝ የሚያስተምረው የለም፤ እንዲያውም ጃዝ ከብሉዝ የሚማርበት ስፍራ ነው።

አራተኛው ትምህርት አንዱን ነገር ደግሞ መናገር ነው። ጥሩ ተጫዋች በአንድ ዙር ውስጥ ዐሥር አዲስ አሳብ አያመጣም። አንድ አጭር ሐረግ ያመጣል፤ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ መጨረሻውን ይለውጠዋል። ጌራርሳ የሚያወርድ ሰው ሰምታችሁ እንደ ሆነ ይህ አይጠፋችሁም። አንዱን አነሣሥ ይዞ ይመላለስበታል፤ ሰሚው ሲለምደው ያኔ ያልታሰበውን ይጨምራል። የመጀመሪያው ባይደገም ኖሮ የኋለኛው ባላስደነገጠ ነበር። የኬኒ በረልን «ሚድናይት ብሉ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1963 የተቀረጸ ሥራ ያዳመጠ ሰው ይህን ቁጠባ ያገኘዋል። ኬኒ በረል የተማረ የጃዝ ሰው ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሥራ የሚያውቀውን ሁሉ አልዘረገፈውም።

አምስተኛው ትምህርት በጆሮ መቅዳት ነው። ዌስ ሞንትጎመሪ የቻርሊ ክርስቲያንን ጨዋታ ድምፅ በድምፅ ከሸክላ ላይ በጆሮው ለቅሞ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የራሱን ቋንቋ ያገኘው። ቀን ፋብሪካ ሠርቶ ማታ ይለማመድ ነበርና፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ በፒክ ፈንታ በአውራ ጣቱ መምታት እንደ ጀመረ ይነገራል። በኋላ ግን ያ የአውራ ጣት ድምፅ የስሙ መታወቂያ ሆነ። በአንድ መኝታ ክፍል ብዙ ሆነን የምንኖር ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው ያለ ይመስለኛል! እኔም ሌሎች ተኝተው እያለ በአውራ ጣቴ፣ ከአንዲት አጭር ቅጂ አራት ባር ለመልቀም ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ከመጽሐፍ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ባነበብሁት ነበር፤ ነገር ግን በአምስት ደቂቃ ያነበብሁትን በአምስት ደቂቃ እረሳው ነበር።

አሁን ደግሞ ከስሕተቴ አንዱን ልናዘዝ። የጃዝን ነገር ባወቅሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ገና ሮጥሁ። በፊት በአምስት ድምፅ እሮጥ ነበር፤ አሁን በዐሥራ ሁለት ድምፅ ሮጥሁ። ሁሉንም ኮርድ በእጥፍ አበዛሁ። በዚህ ጊዜ ያ በስልኩ ቢ. ቢ. ኪንግን ያሰማኝ ጓደኛዬ «አሁንስ ብሉዝህም ጠፋ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወጥ ውስጥ ቅመም ያስፈልጋል፤ ቅመሙን ብቻ በእንጀራ የሚበላ ግን የለም። ስለዚህ ለጀማሪ ጓደኞቼ የምመክረው ይህን ነው፤ ከጃዝ ትንፋሹን፣ አነሣሡንና የኮርዱን መገናኛ ድምፆች ውሰዱ፤ የቀረው ጊዜ ይኑረው። ክር መግፋቱንና ዝምታውን ግን ለማንም አትለውጡ።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ያነሣሉ። «የራሳችን ዜማ እያለ የአሜሪካ ሰው አነጋገር መማር ለምን? ይህ ራስን መርሳት አይሆንምን?» ይላሉ። ጥያቄውን አከብራለሁ፤ ሲቀርብልኝ ሁልጊዜ ቀላል መልስ አላገኝለትም። ሆኖም ከእኛው ሰዎች ምሳሌ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በጅማ ከተማ የተወለደ ነው፤ ጎረቤታችን ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ተምሮ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ በቦስተን በርክሊ ገብቶ የጃዝን ሕግ አጠና። ያጠናውን ይዞ ሲመለስ ግን የአሜሪካን ዘፈን መልሶ ሲያሰማን አልኖረም። አራቱን ቅኝቶች ይዞ በጃዝ ኮርድ ላይ አቆማቸው፤ ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አለው። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሙላቱ አብሮት ሠርቷል። የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታር መቺ ሰላም ሥዩም በኤሌክትሪክ ጊታር የአገራችንን ዜማ ተናግሮበታል፤ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ጋር የሠራው «እሬ መላ መላ» በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። በእኛም ዘመን ግሩም መዝሙር በጊታሩ ጃዝንና የቆየውን የኢትዮጵያ ዘፈን አገናኝቶ ያሰማናል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የውጭውን ስላወቀ የራሱን የረሳ አላየሁም። እንዲያውም የራሱን በደንብ ያየው ከውጭ ከተመለከተው በኋላ ነው።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ደርሶብኛል። በጆሮ መቅዳት ከለመድሁ በኋላ ለፋሲካ ወደ አርጆ ስመጣ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ጊታሬን አልያዝሁም፤ ስልኬን ብቻ ይዤ ተቀመጥሁ። አራት ዜማ መቱልኝ። ያን ዕለት ዝናብ ነበርና በአንዱ ቅጂ ላይ የቆርቆሮው ጩኸት ከክራሩ ይበልጣል። የቀሩትን ለክረምት ስትመጣ እናወጣቸዋለን አሉኝ። ምን ያህል እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው ሳቁና «እኔ ቆጥሬ አላውቅም» አሉ።

በክረምት ስመጣ በሕይወት አልነበሩም።

ከእሳቸው ዘንድ የተማረ ሌላ ሰው መኖሩን ጠየቅሁ፤ ልጆቻቸው እንደ ነገሩኝ የለም። ክራራቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ፤ ክሮቹ ላልተዋል፤ እንዴት ይቃኙት እንደ ነበር በርግጠኛነት የሚናገር ሰው አላገኘሁም። አራቱ ዜማዎች በስልኬ አሉ። ሁለቱን ለቅሜ ጨርሻለሁ፤ በጊታር እመታቸዋለሁ። በሦስተኛው ውስጥ አንዲት ድምፅ አስቸግራኛለች፤ ከዶ በላይ፣ ከዶ ሻርፕ በታች ናት፤ ክሩን ገፍቼ ልደርስባት እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን እደርስባታለሁ፤ አንዳንድ ቀን አልፋታለሁ። ዝናብ ያለባትን አራተኛዋን ገና አልጀመርኋትም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጃዝ ባልማር ኖሮ እነዚያን ሁለት ዜማዎች ለመልቀም ጆሮ አይኖረኝም ነበር። ጃዝን ስማር አንድ ዓመት ባልዘገይ ኖሮ ደግሞ ምናልባት ከአራት ይልቅ ሃያ ይኖሩኝ ነበር። እንግዲህ የውጭውን እንማር ወይስ የራሳችንን እንጠብቅ የሚለው ክርክር ለእኔ በዚያ ቤት ውስጥ አለቀ። ሁለቱንም፣ ያውም ቶሎ ማድረግ ነበረብኝ።

ስለዚህ ከመቀመጤ በፊት የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ጊታር፣ ክራር ወይም ዋሽንት ለምንጫወት፣ በሳምንት አንድ ማታ ተሰብስበን አንድ ሐረግ ብቻ በጆሮ እንልቀም። መምህራኖቻችን ክፍል ቢፈቅዱልን ሌላ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ ሙዚቃ ብትጫወቱም ባትጫወቱም፣ ክረምቱ ሳያልቅ እያንዳንዳችሁ በየሰፈራችሁ ካሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አንድ ዜማ ቅዱ። አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ከመጀመራቸው በፊት ክሩን አንድ በአንድ ባዶውን እንዲነኩላችሁ ለምኑ፤ ቅኝቱ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ዛሬ እቆጫለሁ። ዜማው በምን ጊዜ እንደሚዜም፣ በሠርግ ይሁን በደቦ ወይም በልቅሶ፣ ከማን እንደ ተማሩትም ጠይቃችሁ አስነግሯቸው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አትቅዱ።

አሁን ጓደኛዬ ኮርዱን ይመታልኛል፤ እኔም በዐሥራ ሁለቱ ባር ላይ ሦስት ጊዜ እዞራለሁ። በመጀመሪያው ዙር ከሁለት ዓመት በፊት በሠርጉ ላይ እንደ ተጫወትሁት እጫወታለሁ፤ ማውራት ለምትፈልጉ ተፈቅዶላችኋል። በሁለተኛው ዙር ዛሬ የነገርኋችሁን ለማድረግ እሞክራለሁ። በሦስተኛው ዙር ከሽማግሌው ዜማዎች አንዱን አስገባበታለሁ። ብሳሳት እዚህ ያላችሁ ታላላቆቻችን ዜማውን ታውቁታላችሁና አርሙኝ።